ተወልውላ ቁጥሯ የጠፋባት መኪናዬ ዓርብ እንዳትጨፈለቅ

ቀን፦ ሰኞ፣ ኅዳር 9

ለተሽከርካሪ ምዝገባና ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በብረቷ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥሯን በገዛ እጄ ያጠፋሁባት አሮጌ የስፖርት መኪና እንድትለቀቅልኝ አቤት ስለማለት

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ጥሩምባ፣ ዋንጫና የበር እጀታ በመወልወል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የነካሁት ሁሉ ፊት ስለሚያሳይ ሰፈሩ «መስታወት» ይለኛል። እስከ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ረግጬ አላውቅም። አሁን ግን በመዝገባችሁ ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ ተሽከርካሪ ይዞ የተገኘ» ተብዬ ተጽፌአለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

1. ከስምንት ወር በፊት በሕይወቴ የመጀመሪያ የሆነችውን መኪና ገዛሁ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ የሸራ ጣሪያ፣ ቁመቷ ከወገቤ አይበልጥም። የሸጡልኝ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ጎንበስ ብሎ መግባት አቅቷቸው እንጂ ጠልተዋት አይደለም። ዘመድ አዝማድ «በስተርጅና ምን ነካው!» ብሎ ሳቀብኝ። መካኒኬ እንኳ «ጋሼ፣ ይቺ የእሁድ መኪና ናት፤ ሰኞን አትችልም» አለኝ። እኔ ደግሞ መኪና የምፈልገው ለሰኞ ነበር።

2. ይኸውም በባለቤቴ ምክንያት ነው። ባለቤቴ በሆስፒታል ማጠቢያ ክፍል ልብስ ተኳሽ ናት። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም። አውቶቡስ ውስጥ እግሯን መተላለፊያው ላይ ስትዘረጋ ሰው ይረግጣታል፤ ታክሲ ውስጥ ጉልበቷ ከፊት ወንበር ጋር ይጋጫል። የወንድሟን መኪና ሞከርን፣ የጎረቤታችንንም ሞከርን፣ አልሆነም። የሐኪሙ መኪና ግን ወንበሯ መሬት ለመሬት ስለሆነ የሚቀመጡባት እግር ወደፊት ዘርግቶ ነው። እስኪ ልይ ብዬ በብብቷ ደግፌ አስገባኋት፤ እግሯ እስከ ጫፉ ተዘረጋ። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ሰውዬ፣ አልጋ በጎማ አገኘህልኝ እኮ!» አለች። መኪናዋን በዚያው ሳምንት ገዛኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ሥራ ቦታዋ በር ላይ አደርሳት ነበር። አልዋሽም፣ መኪናዋንም እጅግ ወድጃታለሁ።

3. ባለፈው ወር ለዓመታዊ ምርመራ የጠራችሁኝ ደብዳቤ «የሻንሲ ቁጥር ከዝገትና ከቅባት ጸድቶ ይቅረብ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ይመጣ ነበር። እኔ ግን ወልዋይ ነኝ፤ መሥሪያ ቤት «ይጽዳ» ብሎ ሲጽፍልኝ በጨርቅ መመለስ ነውር መሰለኝ። የመወልወያ ሞተሬን ይዤ ገባሁ። ዝገቱ ሲለቅ ደስ አለኝና ትንሽ ጨመርኩ፤ ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ። በሙያችን የሚታየው ማብራቱ ነው፤ ብረቱ ሲያበራ አየሁ፣ ቁጥሩ መኖሩን ግን ልይ አላልኩም። ለካስ ዝገቱ አብዛኛውን ቀድሞ በልቶት፣ የቀረውን እኔ ጨርሼዋለሁ። ዓይን ሊኩሉ ሲሉ ማጥፋት የሚባለው እኔው ላይ ደረሰ።

4. መርማሪያችሁ ባትሪውን አብርቶ አጎንብሶ ቆየና «ቁጥሩ የታለ? እኔ የሚታየኝ የራሴ ጢም ነው» አለ። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው፤ ሳቁ። ሞኝ ነኝና እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቁ ሳያባራ አለቃቸው መጡና ቁጥሩ የተፋቀ መኪና እንደ ተሰረቀ እንደሚቆጠር ነግረውኝ ቁልፉን ተቀበሉኝ።

5. ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ቀን ደጅ ስጠና እግሬ ቀጠነ። መስኮት ሦስት ወደ መስኮት ሰባት ይልከኛል። መስኮት ሰባት የፋብሪካውን ማረጋገጫ አምጣ ይለኛል፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። የጥርስ ሐኪሙ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው መሰከሩ፤ «ምስክር አይቆጠርም» ተባሉ። ቁጥሩ በእናንተው ፋይል ውስጥ በየዓመቱ ተጽፎ ይገኛል ብል፣ የመዝገቡን ቁጥር ከመኪናው ቁጥር ጋር ካላመሳከርን አንቀበልም አሉኝ። የመኪናው ቁጥር ቢኖርማ እኔስ ምን ልሠራ እዚህ እመጣ ነበር? ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው።

6. በዚያ ላይ በአሥር ደቂቃ እወጣለሁ ብዬ የሸራ ጣሪያዋን እንደከፈትኩ ነው የተያዘችው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲዘንብባት በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ወንበሯ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ጣሪያዋን ብቻ ልሸፍን ብዬ ዘበኛውን ለመንኩት። «አባቴ፣ በእግድ ላይ ያለ ንብረት አይነካም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታዞ ነው። ቆሜ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

7. ባለፈው ሐሙስ በግቢው በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ማንነታቸው ያልተረጋገጠ ተሽከርካሪዎች ዓርብ ኅዳር 13 ተጨፍልቀው ለቁርጥራጭ ብረት እንደሚሰጡ ተገልጿል። የእኔዋ በዝርዝሩ ስድስተኛ ናት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣

ሀ) የሞተር ቁጥሯ ስላልተነካ፣ እሱ ከፋይሉ ጋር ተመሳክሮ የሻንሲ ቁጥሯ እንደገና እንዲመታላት፤

ለ) ይህ ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ፣ ቢያንስ ከዓርቡ ዝርዝር እንድትወጣ፤

ሐ) ቅጣት ካለ በመኪናዋ ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ እንዲሆን፤ ጥፋቱ የእጄ ነውና።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር አይሆንልኝም። ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። ለጡረታዋ አሥራ አራት ወር ቀርቷታል፤ ያለዚህች መኪና ሥራዋን መተው ግድ ሊሆንባት ነው። ይህን በእጄ እንዳመጣሁባት ልነግራት አፌን ስከፍት፣ የወጣልኝ «መኪናዋ ቀለም እየተቀባች ነው» የሚል ሆነ። እሷም «በል ይሁን፣ እስከዚያ ልረፍ» ብላ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። ፈቃዷ ሐሙስ ያልቃል። ትናንት «ቀለሙ ደረቀ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበል? ደርቋል አልኳት። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዋን ይዛ በራችን ላይ ትቆማለች።

ደጃችሁ ላይ እንደቆምኩ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካቹ ወልዋይ
በሰፈሩ አጠራር «መስታወት»