«ጎኔን ወጋኝ» ያሉት መምህር ፓሲክራቴስ

መምህር ፓሲክራቴስ ከአባታቸው ከዘይት ነጋዴው ከሜኖፋንቶስና ከእናታቸው ከታቲያ፣ ንጉሠ ነገሥት ትራያን በነገሡ በአሥረኛው ዓመት፣ በሰምርኔስ ከወደቡ በላይ ባለው ሰፈር ተወለዱ።

ፊደል የቆጠሩት እዚያው ነው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው የንግግር ጥበብ ሊማሩ ወደ አቴና ተሻገሩ። አቴና ግን በመጽሐፍ እንዳወቋት አልቆየቻቸውም፤ ዓሣ ሻጮቿ የሚናገሩት እንደ ሰምርኔስ ወደብ ሰዎች ነበር። እጅግ አዘኑ። «እነርሱ የጣሉትን ቋንቋ እኔ አነሣዋለሁ» ብለው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩት አቴናውያን ያልጻፉትን ቃል ላይናገሩ ማሉ።

ተመልሰው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ደቀ መዝሙር የገበያ ቃል ሲያመልጠው «የት አነበብከው?» ይሉታል፤ ማስረጃ ካጣ እስኪመሽ ዝም ይላል። ብዙ ስመ ጥር ተናጋሪዎችም አፈሩ።

ወይዘሮ አፍያን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ሜሊቲኔን ወለዱ። ሕጉ ማዕድ ድረስ ገባ። ወይዘሮ አፍያ «ዓሣው ጨው አንሶታል ለማለትም መጽሐፍ ልግለጥ?» እያሉ በሳቅ ያልፉት ነበር። ሜሊቲኔ ግን አልሳቀችም፤ በአባቷ ፊት መናገሩን ተወች። ከተዳረች በኋላም ትመጣለች፣ እጅ ትነሣለች፣ ከእናቷ ጋር አውርታ ትሄዳለች። ወይዘሮ አፍያ ሲያርፉ ቤቱ ጭር አለ።

መምህር በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በጠና ታመሙ። ለሐኪሙ ለአጋቶፖስ ሕመማቸውን በጥንቱ ቋንቋ አስረዱት። እርሱም የገባው መስሎት የሆድ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ባሰባቸው። ደግመው በዚያው ቋንቋ ቢያስረዱት፣ «መምህር፣ እኔ የማክመው በሕይወት ያለውን ሰው እንጂ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሞተውን አይደለም! በእኛ አፍ ይንገሩኝና ይዳኑ» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተፈራው ይህ ነበር፤ ቃላቸውን ከሚያጥፉ ሞትን ይመርጣሉ ተብሎ።

ሜሊቲኔ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ እኔ ለእርስዎ ስል ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልኩ። እርስዎ ደግሞ ለእኔ ሲሉ አንዴ ይናገሩ። የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ፣ ልጄ። ጎኔን ወጋኝ። ትንፋሽ አሳጣኝ። ፈራሁ» አሉ በወደቡ ቋንቋ፣ ልክ እናታቸው ታቲያ ይናገሩ እንደነበረው።

አጋቶፖስ «የፈውስ አምላክ አስክሊጲዮስ ይመስገን!» ብሎ ደረታቸውን አየ፤ በትኩስ ጨርቅም አሰረላቸው። በሳምንቱ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። በትምህርት ቤቱ ሕጉ እንደ ጸና ቆየ፤ ከማዕዱ ግን ተነሣ። ሜሊቲኔ የወደቡን ወሬ ስታመጣ «የት አነበብሽው?» ማለቱ ቀርቶ «እህ፣ ከዚያስ?» ይሏት ጀመር።

ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ በነገሡ በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ በወይን ለቀማ ወቅት፣ ከምሳ በኋላ የልጃቸውን ወግ እየሰሙ አሸለቡ፤ በዚያው አረፉ። ልጃቸው ሜሊቲኔ፣ ባለቤቷ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

የሰምርኔስ አፈር ይቅለላቸው። በማዶው ዓለም የሚናፍቋቸውን የጥንት አቴናውያን ያግኟቸው፤ ከእነርሱ ጋር አውርተው ሲጠግቡ ወደ ወይዘሮ አፍያ ይሂዱና፣ በወደባችን ቋንቋ ያጫውቷቸው።