በደምሴ መኪና ጀርባ የጻፍኩት ተረት

ሰኞ

ደምሴ መጣ። ደግሞ ይስቃል! አምና ጌሾው ተወቅጦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ የሠርጋችን ሳምንት ሲገባ ጥሎኝ የሄደው ሰው ዛሬ አዲስ አይሱዙ ይዞ ደጃችን ቆመ። «ከኋላው አንድ ጥሩ ተረት ጻፊልኝ። አንቺው ምረጪው» አለኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ መኪና ላይ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሐፍረት ያለው ሰው ግን ሳይጻፍበት ይነዳ ነበር። እሺ አልኩት።

መኪናው የአጣዬው ሽንኩርት ነጋዴ የጋሼ ወንድይፍራው ነው። የሚያገባውም የሳቸውን ልጅ ነው።

ማክሰኞ

ተረት ስመርጥ ዋልኩ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» አይሆንም፤ እሱ እንደሆነ የቆጡን አውርዶታል።

«ቢያዩኝ እስቅ ባያዩኝ እሰርቅ።» ይሄ አንጀቴን ያርሰው ነበር! ጭነት የሚያምነው አይገኝም። ግን እንዳነበበው ያስጠፋዋል።

እሱን የማያስደነግጥ፣ ሌላውን ግን የሚያስጠይቅ ነው የምፈልገው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።» አገኘሁት። በቀይ እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ

ጻፍኩት። ፊደሎቼ እንዲህ አምረውልኝ አያውቁም። ደምሴ አነበበና «እውነት ነው፣ ስንት ተንኮለኛ አለ» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። ረስቶታል። ጭራሽ ረስቶታል። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በንዴት ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ሙያውን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ከኋላ የተጻፈ ለሾፌሩ አይደለም። ለተከታዩ ነው።»

ሐሙስ

የአባባ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ትናንት መኪናው ሲወጣ አቧራውን እየዋጥኩ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጀውሃ ላይ ምግብ ቤት ያላት አክስቴም መኪናው ሲያልፍ አንብባ ደውላ ገና አልወጣልሽም ወይ አለችኝ። ከደብረ ሲና እስከ አጣዬ ጽሕፈቴን የማያውቅ የለም። እሱን እወጋለሁ ብዬ የራሴን ቁስል አገር አስጎበኘሁ።

ቢሆንም አልጸጸትም። መኪናው ይገልበጥ አልልም፣ ነፍስ አለበት። ሽንኩርቱ ግን ይበስብስበት።

ቅዳሜ

ጋሼ ወንድይፍራው መጡ፤ የሚነዳው ደምሴ ነው። እሳቸው ብቻ ወረዱ።

«ጽሕፈቱ ያንቺ ነው አሉኝ። የተወጋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። ስለ ሽምግልናው፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ጌሾው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደምሴ ከዚህ በፊት ማንንም አጭቼ አላውቅም ብሏቸው ኖሯል። ቀና ብዬ ባየው መሪውን እንደጨበጠ አንገቱን ደፍቷል። ያኔ ነው ያስታወሰው።

አጥፊው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «የሠርጉን ነገር ልጄ ትወስናለች» አሉ። «መኪናው ግን የኔ ነው። ያንኑ ተረት ጋቢናው ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት ጻፊልኝ።»

ደምሴ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። አልቸኮልኩም። ለአንድ ሰው ስለሆነ በትንንሽ ፊደል ጻፍኩት።

አባባ ዛሬስ ምን ጻፍሽ ሲሉኝ «ያንኑ ነው፤ አሁን ግን ለሾፌሩ» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

ልጅቷ ምን እንደምትወስን እንጃ። እኔ እራቴን ጠግቤ በልቻለሁ፤ አሁን ልተኛ ነው።