ያለ እርሾ የጋገርኩት ቂጣ

አዳማ፣ ጥቅምት ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለእትዬ በድሪያ፣ ድሬዳዋ

ከአዋሽ ወዲያ ያለውን በረሃ የሚሞላ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

እትዬ፣ «ከሀጂራ እጅ ቂጣ እንኳ አይወጣም» ያሉትን ቃልዎን ያንሱ! የአርሲ ስንዴ ዱቄት በጨውና በጥቁር አዝሙድ ለውሼ፣ ከጓሮዬ የቀነጠስኩትን በሶብላ ከትፌ እጨምርበትና ወዲያው ምጣድ ላይ ነው። እርሾ የለ፣ ማሳደር የለ። ሽታው ጎረቤቱን ሁሉ ደጄ ይሰበስባል።

ባለቤቴ ሀሰን ከዚህ ሌላ እህል አይቀምስም። ድፎውን ትቼዋለሁ፤ «ራበኝ» ሲል፣ ሊጡ እስኪቦካ ረሃቡ ጥሎት ይሄዳል። በዚህ ፀሐይ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ ምድጃው ጥግ ይውላል። የባቡር ጣቢያ ጓደኞቹም እየመጡ ይጠይቁታል፤ ቂጣዬን ሳያሞግሱ የሚወጡ የሉም። ትናንትማ አንድ ቁራሽ ሙሉውን ጨረሰልኝ! ደስታዬን ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

ለረመዳን እመጣለሁ ብለውኝ ነበር፤ ቀደም ቢሉ ምን አለበት? ሲመጡ እርሾ ይያዙልኝ። እርስዎ አጠገቤ ካሉ፣ ሊጡ እስኪቦካ እጠብቃለሁ።

አላህ ሁላችንንም በአንድ ገበታ ያገናኘን።

ታናሽዎ ሀጂራ