የሬይኖ ጡረታና ስልሳ አምስተኛው ቀን

ፌብሩዋሪ 18

በረዶ ጠረግሁ። ፓስቲ፣ ያቺን ሥጋ የታጨቀባትን ቂጣ፣ በላሁ። ፖስታ መጣ… የወንድሜ የሬይኖ ወረቀት። ከጡረታ ኢንሹራንሱ ሠላሳ ሺህ ዶላር በዲሴምበር ተከፍሏል ይላል። ሰውዬው ሞቶም ጡረታ ይበላል!

ገንዘቡ የገባው ለልጁ ለኬርቱ ብሎ ባቋቋመው የአደራ ሒሳብ ነው። ባለአደራው እኔ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ፣ ግንድ ስጭን የኖርኩ ሹፌር… ለእኔ የግብር ቅጽ ይሰጣል? “ሌላ ገቢ” የሚለው መስመር ላይ ሠላሳ ሺውን ጻፍኩ። አሰላሁ። ግብሩ ዘጠኝ ሺህ ገደማ! እንደገና አሰላሁ። ያው።

ኬርቱ የምትኖርበት የሐይቅ ዳር ቤት ጣሪያ በጃንዋሪ በረዶ ተደርምሷል። አሁን ሳሎኔ ሶፋ ላይ ነው የምታድረው። ጣሪያ ሠሪው ሃያ ስድስት ሺህ ብሏል። ዘጠኝ ከተቆረጠ አይበቃም። ካልበቃ ቤቱ ይሸጣል።

ፌብሩዋሪ 19

ሳይማ ጋ ሄድኩ፣ የግብር ሒሳብ የምትሠራልን።

“አቶ ኦኒ፣ አደራው ገንዘቡን አቅፎ ከተቀመጠ ትልቁን መቶኛ ይከፍላል። ለኬርቱ ከሰጧት ግን በራሷ ቅጽ ታስመዘግበዋለች። በእሷ ደሞዝ ግብሩ አራት ሺህ እንኳ አይሞላም።”

“ዓመቱ አለፈ እኮ!”

“እስከ ስልሳ አምስተኛው ቀን ከሰጡ፣ ባለፈው ዓመት እንደተሰጠ ይቆጠርልኝ ማለት ይችላሉ። ማርች ስድስት። ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ አለቀ።”

ጉንጯን ሳምኳት። “ባሌ እዚያ ተቀምጧል” አለች። እሱንም ሳምኩት።

ፌብሩዋሪ 20

ኬርቱ እምቢ።

“አባቴ መሬት ሳይገባ ገንዘቡን አልነካም።”

ሬይኖ ከኖቬምበር ጀምሮ መቃብር ስፍራው የአስከሬን ማቆያ ቤት ውስጥ ነው። መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኗል። የበረዶ ወራት ሟች ሁሉ የሚቀበረው ሜይ ላይ ነው።

“እሱ እንደሆነ የትም አይሄድብሽም።”

“አጎቴ፣ አታሹፍ!”

“ሰማንያ አንድ ዓመት አሹፌ ዛሬ ልተው?”

ፊቷን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞረች። አበዛሁት መሰለኝ…

ፌብሩዋሪ 21

ግትር። የአምሳ ስድስት ዓመት ሴትዮ! በማን ወጣች? … በእኔ።

ፌብሩዋሪ 27

ቀባሪው አርቮ ጋ።

“ሬይኖን አሁን ቅበርልኝ።”

“አብደሃል? ሜይ ላይ ና።”

“እስከ ሜይ ግብሩ እኔን ይቀብረኛል።”

ጢሙን አከከ። ግማሽ በርሜል የመሰለ የብረት ክዳን አለው። መሬቱ ላይ ደፍተህ ከሥሩ የጋዝ እሳት ትለቃለህ። ሁለት ቀን ሙሉ። ስድስት መቶ ዶላር፣ ጋዙ በእኔ። ለዓሣ ማጥመጃ ያጠራቀምኳት ሄደች። ዓሦቹ ደስ ይበላቸው።

ለኬርቱ ነገርኳት። ከሶፋው ቀና አለች። “ለአባቴ እሳት ታነድለታለህ?” “ሲበርደው ዝም ልበል?”

ማርች 3

እሳቱ ተለኮሰ። እኔና አርቮ ክዳኑ ላይ ቋሊማ ጠበስን። ሬይኖ ቢኖር “ለእኔስ?” ይል ነበር። አንድ አስቀመጥኩለት… አርቮ በላበት።

ማርች 5

ቀበርነው። ከጉድጓዱ እንፋሎት ሽቅብ ይወጣል፣ የቄሱ መነጽር ጉም ለበሰ። መጽሐፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ… ምንም። ኬርቱ ክርኔን ያዘች። “አጎቴ… ሳውና እኮ ነው የመሰለው።” “ሬይኖ ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚገባው” አልኳት። አፏን በጓንቷ አፈነች። ሳቋ አመለጣት። እኔም። ቄሱም። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ከኖቬምበር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔም… በእንፋሎቱ ነው።

ማርች 6

ስልሳ አምስተኛው ቀን። በረዶው ሰው አያሳይም። ኬርቱ የትምህርት ቤት ሹፌር ናት፤ ተማሪዎቹን አድርሳ ቢጫውን አውቶብስ ባንኩ በር ላይ ገተረችው።

“ፈርሚ!”

“ፈረምኩ አልኩህ እኮ!”

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ ሺው በስሟ ገባ። የባንኩ ሠራተኛ ልጅ “ዛሬ ደስ ብሏችኋል፣ ምን ተገኘ?” አለች። ኬርቱ ጥርሷን ገልጣ፣ “አባቴን ቀበርን!” ምስኪን ልጅ፣ የምታደርገው ፊት አጣች።

ኤፕሪል 12

ቅጹን ጨረስኩ። ምልክቷን አደረግሁ። ገቢ፦ ሠላሳ ሺህ። ለኬርቱ የተሰጠ፦ ሠላሳ ሺህ። የአደራው ግብር፦ 0። እንዲህ ያለ ቆንጆ ክብ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም! የእሷን ድርሻ ወረቀት ሰጠኋት።

“አጎቴ፣ ሠላሳ ሺህ በስሜ! ሀብታም ነኝ ማለት ነው?”

“እስከ ማክሰኞ፣ እስከ ግብር መክፈያው ቀን።”

ሜይ 10

መሬቱ ለሰለሰ። የበረዶ ወራት ሟቾች ዛሬ ተራ በተራ እየወረዱ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሐይቁ ድረስ ይሰማል። ኬርቱ አዲሱ ጣሪያ ላይ ወጥታለች። ሠራተኞቹን “ጠማማ ነው! ንቀሉት!” እያለች ታምሳለች። ደወሉ ሲደወል ቆም አለች፣ ኮፍያዋን አወለቀች። መልሳ አጠለቀች።

“አጎቴ! መሰላሉን ትይዛለህ ወይስ ትጽፋለህ?”

ሶፋዬ ዛሬ ማታ ባዶ ነው። መጣሁ፣ መጣሁ…