የገብስ መውቂያውን በየትኛው ፕሮግራም ልንደፍ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

«እንኳን ደህና መጡ ነው የሚለው» አልኳቸው። ለማንም እንዳይወራ እንጂ፣ ኮምፒውተሬ ላይ በቀይ የወጣው ጽሑፍ «ይህ ቅጂ ሕገወጥ ነው፤ ተዘግቷል» ይላል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ አያ ደምሌ አያነቡትም ብዬ ነው። ሽማግሌው ከፍላቂት ድረስ በሚኒባስ የመጡት፣ ለገበሬ ማኅበራቸው የምሠራውን የገብስ መውቂያ ማሽን ንድፍ ሊያዩ ነው። እኔም መንደፊያ ፕሮግራሜን ከፍቼ ልኮራ ስል ድርግም! ከኮሌጅ ጀምሮ ከጓደኛ ጓደኛ ስንቀባበለው የኖርነው የተሰረቀ ቅጂ ነው። ቀን ጠብቆ አዋረደኝ።

እሳቸው ስለ ቀዩ ጽሑፍ ግድም አልሰጣቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ከመኪናው መንገድ እስከ እኛ ቀበሌ በበቅሎ ነው የሚወጣ። ተፈታቶ በበቅሎዬ ይጫናል?»

«ይጫናል» አልኩ። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እኔም አላውቅም።

ንድፉን እስከ ዓርብ ካልጨረስኩ፣ ኮምቦልቻ ላሜራውን የሚቆርጥልኝ ሰይድ መቁረጫ ማሽኑን ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ያኔ ገብሱ እንደ ድሮው በበሬ ይበራያል፤ የብረታ ብረት ቤታችን የመጀመሪያ ትልቅ ሥራም በዚያው ቀረ ማለት ነው። አራት ቀን አለኝ፤ ፕሮግራም ግን የለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አንደኛው ምርጫ፦ ያንኑ ትልቁን ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ መግዛት። ዋጋውን ለበያጃችን ለጥጋቡ ስነግረው የብየዳ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «እሱን ከምትገዢ እኔን አግቢኝ፤ እኔ በነጻ ነኝ።» ሚስትህ ትስማህና ታያለህ አልኩት።

ሁለተኛው፦ በኢንተርኔት ውስጥ የሚሠራው። አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ጠዋት እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ፤ ደስ አለኝ፣ አንጎራጎርኩ ሁሉ። አራት ሰዓት ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ነዶውን እየዞረ የሚመታው የመውቂያው ከበሮ ግማሽ ተስሎ ቀረ።

ከፍ ሲሉ ይገኛል ስለተባልኩ ኮምፒውተሬን አዝዬ የአሸተን ማርያም ገዳምን ዳገት ተያያዝኩት። እኩሌታው ላይ የንስሐ አባቴ ቄስ ሞገስ ሲወርዱ አገኙኝ።

«ፈረንጁስ ሊጎበኝ ነው የሚወጣ። አንቺ ደሞ ይኸን አዝለሽ ምን ፍለጋ ነው?»

«ኔትወርክ፣ አባ።»

«እላይ ያሉት መነኮሳት እኮ እሱን የመሰለውን ሸሽተው ነው የወጡ» ብለው መስቀል አሳለሙኝና እየሳቁ ወረዱ። ኔትወርኩ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። እንዳዘልኩት ተመለስኩ። ሁለተኛውም ተሰረዘ።

ሲመሽ ለሰይድ ደወልኩ። «አብሽሪ! ነጻ የሆነ አለ፤ ማንም አይዘጋብሽም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግ። በፍላሽ እልክልሻለሁ።»

«ነጻ ነገር ምን ይረባል?»

«የተሰረቀውን ስትጠቀሚ ከፍለሽ ነበር እንዴ?»

«እሺ፣ ላክልኝ» አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ፍላሿ በሾፌሮች እጅ ወልድያ አደረች፣ ጋሸና መኪና ቀየረች፣ ስድስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተቀበልኳት። በአንድ እግር ካልሲ ተጠቅልላለች። ሰይድ ነው እንግዲህ።

ጫንኩት። ቁልፎቹ ሁሉ ከለመድኩት ቦታ ውጪ ናቸው፤ የሰው ቤት ገብቶ ጨው እንደመፈለግ ነው። ሆኖም ይሠራል! ግን ጥጋቡ መበየድ ሲጀምር መብራቱ ደከመ፣ ኮምፒውተሬም ጠፋ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። አስነሳሁት፤ አሁን ደግሞ የጎረቤት በያጅ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሥራዬን አጠፉብኝ።

«ነገ ማርያም ናት» አለ ጥጋቡ። «በዚህ ሰፈር እሳት የሚነካ የለም። መብራቱን ብቻሽን ትጠጪዋለሽ።»

እኔስ? እኔም እኮ ማርያምን አከብራለሁ።

በዚህ መሀል አያ ደምሌ ደወሉ። መዋሸት ሰለቸኝና ስለ ቀዩ ጽሑፍ ነገርኳቸው። «እኔም ሰው በቀይ ሲቀበሉ አይቼ አላውቅም ብያለሁ በልቤ» ብለው ሳቁ። ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ። «የበቅሎዋን ግን እውነቱን ንገሪኝ። ጀርባዋ ቢጎዳ ሌላ የለኝም።»

«ነገ ማታ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሞገስን ጠበቅኳቸው። ኮምፒውተር ላይ መንደፍ ሥራ ነው ወይ አባ?

«እሳት ትነኪያለሽ?»

«አልነካም።»

«መዶሻስ?»

«አልነካም።»

«እና ምን ታደርጊያለሽ?»

«ተቀምጬ አስባለሁ፤ ያሰብኩትን እስላለሁ።»

«ማሰብማ በዓል አያሽርም። ብረቱን ግን ነገ።»

ሰፈሩ ጭጭ ብሏል። መብራቱ ፍንክች አላለም። ከበሮውን ሳልኩ፣ ዘንጉን አስገባሁ፣ አዙሬ ከሥሩ አየሁት። አንዱ ብሎን የመፍቻ ቁልፍ የማይደርስበት ቦታ ገብቷል! በወረቀት ብስለው ኖሮ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ነበር የምናውቀው። አወጣሁት።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ፕሮግራሙን ይህ ብረት ነው አልኩት፤ ክብደቱን አወጣልኝ። ከበሮው ብቻውን ከአንድ ኩንታል ተኩል ያልፋል። ያቺ ምስኪን በቅሎ! ሰኞ ዕለት «ይጫናል» ያልኩት ይኸን ነው።

ከበሮውን መሀል ለመሀል ከፍዬ በብሎን የሚገጣጠም አደረግሁት። አሁን ሁለቱ ግማሾች በሁለት ጉዞ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ከኩንታል በታች ነው። ለአያ ደምሌ ደውዬ ነገርኳቸው። «ሁለቴ መመላለሱ ግድ የለም፤ እሷም ለምዳዋለች። ተባረኪ» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ኔትወርክ ጎህ ሲቀድ አለ። ፋይሉም ትንሽ ስለሆነ ሄደ። ጠዋቱን ሙሉ ከሰይድ ወሬ የለም። ባይከፈትለትስ? መቁረጫ ማሽኑ አላነበበውም ቢልስ? ጥፍሬን በላሁት። አራት ሰዓት ላይ ደወለ።

«ተከፍቷል። ላሜራውን ማሽኑ ላይ አጋድሜዋለሁ። ይኸን የተከፈለ ከበሮ ግን ማን አመጣው?»

«በቅሎ» አልኩት።

ያን የተሰረቀ ቅጂ ከኮምፒውተሬ ጠረግሁት። ጥጋቡ ጋብቻውን እምቢ ስላልኩት እንዳዘነ ሆኖ ሻይ አስገዛኝ።

አንድ ነገር ግን ገና አላወቅሁም። የተከፈለ ከበሮ በፍጥነት ሲዞር መጋጠሚያው ላይ ይንቀጠቀጥ ይሆን? ፕሮግራሙ ክብደቱን ነገረኝ እንጂ ይህን አልነገረኝም። የመጀመሪያው ነዶ ሲገባበት አያ ደምሌ ቀበሌ ወጥቼ አጠገቡ እቆማለሁ፤ ቢንቀጠቀጥም፣ ጸጥ ብሎ ቢዞርም፣ ያየሁትን ሳልቀባባ እዚሁ እጽፈዋለሁ።