የካሌብ ተራ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፦ የጌታ ሰላም ከነጎረቤቶችሽ ይብዛልሽ። ጉንፋን ድምፄን ስለዘጋው ነው በሰው ደብዳቤ የላክሁልሽ። ካሌብም ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ደህና ነው።

ሶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜን ተክቼ እትዬ ሰብለወርቅ ቤት የምሄደው አሁን እኔ ነኝ። ዓይናቸው የጠፋ የቤተ ክርስቲያናችን አሮጊት ናቸው፤ እግራቸውን የሚያጥብላቸው ካሌብ ነበር። ሮውሌት ከተማ ሐይቁ ዳር ፓርክ አድርጎ የተወውን መኪናውን እየነዳሁ ነው የምመላለሰው፤ ጫማው እስካሁን ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በካሌብ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ፣ «ወንድምሽ አሁን አጥቦኝ ወጣ እኮ፤ እጁ ግን ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?» አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ ሳፋውን ላነሳ ሄድኩ። ሳፋው ግን እርጥብ ነበር። የእግር ፎጣ ከፊት ፎጣ እንዳይምታታ ጫፉን ቋጥረን እንድንሰቅል ታዝዢን አልነበር? ተቋጥሮ ተሰቅሏል። እኔ እንኳ ይህን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

«ኦኬ እትዬ፣ ደግሜ ልጠብዎት» ብዬ አጠብኳቸው። ስወጣ በቴርሞስ የሞቀ ውሃ ሳፋው አጠገብ ትቼ መጣሁ፤ ቀድሞኝ ለሚመጣው እጁን ያሞቅበት ብዬ።

የካሌብ ስልክ ስለተበላሸ በመደወል አትድከሚ። ጌታ በክንፎቹ ይጋርድሽ። እሱ ከደወለልሽ ግን፣ እማዬ፣ በማንኛውም ሰዓት ደውለሽ ቀስቅሺኝ።

ልጅሽ ልዩ