አባባ አልጋው ላይ የዞረ ዕለት

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለእንድርያስ፣

ከሁሉ በፊት የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሶሬቲና ልጃችሁ ደህና ናቸው? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። አባባም ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ደህናነቱ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ መሪ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ ባስነጥስ እንኳ አባባ ይሰማል።

በሰኔ ደረቴን ወጋኝ ስላለ መገናኛ አንድ ክሊኒክ እንደወሰድኩት ታስታውሳለህ። ያኔ ቁም ነገር ስላልመሰለኝ ያልነገርኩህ ነገር አለ። የልብን ምት ወረቀት ላይ ለሚስለው ማሽን እጅና እግሩ ላይ ሽቦ ሊታሰርለት አልጋ ላይ ውጣ ሲባል፣ «እግሩን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ የሚተኛ ሬሳ ነው፤ እኔ ገና ነኝ» አለና ራስጌውን ግርጌ አድርጎ ተኛ። ማሽኑን የምታሠራው ልጅም «ይሁን አባቴ፣ ብቻ አይንቀሳቀሱ» ብላ ሁልጊዜ በምትቆምበት በኩል ቆማ አሰረችለት። ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔ እስቃለሁ።

ወረቀቱ ልቡ የቆየ ጉዳት ያለበት አስመስሎ ወጣ። ሐኪሙ ይደገም ብሎ ነበር። ስነግርህ «ምን ይደገማል፣ ያ ዳገት ይገድለዋል፤ ዛሬውኑ ከእንጦጦ አውርጂው» አልክ። ዓመት ሙሉ ብለምነው እምቢ ያለኝ ሰው፣ አንተ አንዴ ስትደውልለት ጋቢውን አጣጥፎ ተነሣ። የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረባትን ቤት ቁልፍ ለደብሩ አስተዳዳሪ አስረክቦ እኔ ቤት ወረደ።

ባለፈው ሳምንት ኮተቤ ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር ሀይማኖት የምትባል ነርስ ያንኑ የልብ ምርመራ ደግማ አነሣችው። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። አሮጌውን ጎን ለጎን አስተያይታ እንዴት ተኝቶ እንደነበር ጠየቀችው፤ እንደ ጀብዱ ተረከላት። ዞሮ ስለተኛ ለልጅቷ የቀረባት ግራ እጁ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ልማዷ የቀኙን ሽቦ አስራበታለች፤ ወረቀቱን ያሳሳተው ይኸው ነው። «ልብዎማ ከእኔ ይሻላል» አለችው። አባባ ካልሲውን እያጠለቀ «ታዲያ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ?» አለ፤ የሚያየው ግን እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋቢውንና መቋሚያውን በር ሥር አስቀምጦ ይጠብቃል። ቤቱ በነሐሴ ለአዲሱ ዘበኛ ለዮፍታሔ መሰጠቱን አያውቅም። ሰውየው ባለትዳር ነው፤ ሚስቱ ደጃፉ ላይ ጎመን ተክላለች። ሄጄ አስተዳዳሪውን ለመንኩ፤ «ወዶ አስረክቧል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አልሸሽግህም፣ ተቀይሜሃለሁ። ልጅቷን ሰልፉ አዋከባት፤ አንተን ምን አዋከበህ? ይደገም ሲባል አፌን ይዤ የታዘዝኩህ እኔም ከወቀሳ አላመልጥም። ግን ያወረደው ያንተ ድምፅ ነው፤ መመለሻ እንደሌለውም አንተው ንገረው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውል፤ እኔ ከቤት እወጣላችኋለሁ።

ሶሬቲን በጣም ሰላም በልልኝ። ፊራኦልን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ጥርሱ በቀለ ወይ? ጎረቤቴ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እንደምን ነህ ብላሃለች። አባባም ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ሲያይ «ሰላም በይው፤ እኔ የምጽፍለት ቤቴ ስገባ ነው» ብሏል።

እህትህ ሰገነት
መሪ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.